ቀለምሽን ያደበዘዘው ማተሚያ ቤቱ ብቻ አይደለም

ጥያቄ፦ ጅማ ነው የምኖረው። ከቴክኒክና ሙያ በአይሲቲ ተመርቄ ግራፊክስ ዲዛይን እየሠራሁ ነው። ለአንድ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ነጋዴ የከረጢት ዲዛይን ሠራሁለት። ላፕቶፔ ላይ ቀዩ የቡና ፍሬና አረንጓዴው ቅጠል ያምሩ ነበር። ቡናማው ከረጢት ላይ ታትሞ ሲመጣ ግን ቀዩ ደብዝዟል፣ ቅጠሉ አረንጓዴ መሆኑም አይለይም። ቢዝነስ ካርዱ ላይ ያለው ሰማያዊ ጽሑፍ ደግሞ ወይን ጠጅ ሆኗል። ነጋዴው ቀሪውን ሂሳብ አልከፍልም አለኝ። ኅትመቱን ትቼ ለፌስቡክና ለቲክቶክ ብቻ ልሥራ? ወይስ የተሻለ ላፕቶፕ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ላፕቶፑ ይቆይ። ኅትመቱንም አትተዪው። ችግርሽ የተሰጥኦ አይደለም። ቀለም የመረጥሽው በምን ላይ እንደሚታተም ሳትጠይቂ ነው።

ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። አርጂቢ የሚባለው ይኼ ነው። ማተሚያ ማሽን ደግሞ ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ወረቀት ላይ ያሳርፋል፤ ሲኤምዋይኬ። በብርሃን የሚገኝ ቀለም ሁሉ በእነዚህ አራት ቀለሞች አይገኝም። የሚያበራ አረንጓዴ፣ ደማቅ ሰማያዊና የሚያቃጥል ብርቱካናማ ከአቅማቸው በላይ ናቸው። ደንበኛው የግድ እንዲህ ያለ ቀለም ለአርማው ከፈለገ፣ ለብቻው የተቀመመ ስፖት ከለር አለ። ግን ተጨማሪ ፕሌት (ቀለሙን የሚያትም የማሽን ሰሌዳ) ስለሚጠይቅ ዋጋው ይጨምራል።

ያንቺ ከረጢት ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። የማተሚያ ቀለም ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም፣ ያሳልፋል። ነጭ ወረቀት ላይ ቀዩ ደምቆ የሚታየው የወረቀቱ ነጭነት ከሥር ስለሚመልሰው ነው። ቡናማ ክራፍት (የከረጢትሽ ዓይነት ወረቀት) ላይ ግን እያንዳንዱ ቀለም ከቡናማው ጋር ይደባለቃል። ፎቶሾፕ ላይ የፈለግሽውን ያህል ብታደምቂው ከረጢቱ መልሶ ይውጠዋል። መውጫው ሦስት ነው። ማሽኑ ነጭ ቀለም ካለው መጀመሪያ ነጭ መደብ ማሳተም። ወይም ዲዛይኑን ነጭ ስቲከር ላይ አሳትሞ መለጠፍ። ወይም ከረጢቱን እንዳለ ተቀብሎ በጥቁር ብቻ መሥራት። እኔ ብሆን ሦስተኛውን እመርጥ ነበር። ዋጋው ይቀላል። ደግሞስ ቀይ ፍሬና አረንጓዴ ቅጠል የሌለበት የቡና ማሸጊያ ብናይ ምን አለበት!

ሰማያዊው ለምን ወይን ጠጅ ሆነ? የሲያኑና የማጀንታው መጠን ስለተቀራረበ ነው። ሲያን መቶ በመቶ (100) ከሆነ ማጀንታውን ከ70 በታች አድርጊው፣ ሰማያዊነቱ ይመለሳል። በአጠቃላይ ደማቅ ቀለም የሚወጣው ከሁለት ቀለሞች ነው። ሦስተኛው ሲገባ ይደፈርሳል። ንጹሕ ቀይ ከፈለግሽ ማጀንታ 100፣ ቢጫ 100 በቂ ነው። ሲያንና ጥቁር አትጨምሪበት። ከአርጂቢ ስትቀይሪ ፕሮግራሙ የማትፈልጊውን ቀለም ትንሽ ትንሽ ሊጨምርበት ይችላል። ስለዚህ ከቀየርሽ በኋላ ቁጥሮቹን እያየሽ በእጅሽ አስተካክዪ። ትንንሽ ጽሑፍ ጥቁር 100 ብቻ ይሁን፤ አራቱም ከተደራረቡ ማሽኑ በጥቂቱ ሲዛነፍ ፊደሉ ጥላ ያወጣል።

ኢለስትሬተር ላይ ፋይሉን ስትከፍቺ ገና ከጅምሩ ሲኤምዋይኬ ምረጪ። ፎቶሾፕ ላይ ኮንትሮልና ዋይን ስትጫኚ ኅትመቱ ምን እንደሚመስል በግምት ያሳይሻል። ሺፍት ስትጨምሪበት ደግሞ ሊታተሙ የማይችሉትን ቀለሞች ይጠቁምሻል። ኢንተርኔት ላይ የሚሠራው የዲዛይን መሣሪያ ካንቫ በሲኤምዋይኬ የሚያወርደው በሚከፈልበት ፕሮ ነው። የላፕቶፕሽን ብርሃንም ቀንሺው። ሙሉ ብርሃን ላይ ያየሽውን ወረቀት አይሰጥሽም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ማተሚያ ቤቱን ጠይቂ። ወረቀቱ አርት ፔፐር (ለስላሳ ሽፋን ያለው) ነው ወይስ ቀለም የሚመጥ ተራ ወረቀት? በየትኛው ፕሮፋይል (ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚመስል ለፕሮግራሙ የሚነግር ፋይል) ይሠራሉ? ለአርት ፔፐር ፎግራ 39 የተለመደ ነው። ላሚኔሽኑስ (ከላይ የሚለበጠው ፕላስቲክ)? አንጸባራቂው ቀለሙን ያደምቀዋል፣ የማያንጸባርቀው ማት ያለዝበዋል። የባነር ማሽን ከሆነ ደግሞ አርጂቢ ተቀብሎ ራሱ የሚቀይር አለ፤ እዚያ አስቀድመሽ ቀይረሽ ከሄድሽ ድምቀቱን በከንቱ ታጫለሽ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የፌስቡክ ፖስት የሚሠራ ልጅ ሞልቷል፣ በስልኩም ይሠራዋል። ፋይል ለኅትመት አሰናድቶ የሚያስረክብ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ጅማ ውስጥ የምርቃት መጽሔት አለ፣ ቲሸርት አለ፣ የሰርግ ካርድ አለ፣ የቡና ማሸጊያ አለ። አዲስ አበባ ታትሞ የሚመጣ ሥራ ሲሆን ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣን ስህተት ማን ያርመዋል? ስለዚህ አንድ ማተሚያ ቤት ሄደሽ ለጥቂት ወራት በግማሽ ቀን ፋይል ላዘጋጅላችሁ በያቸው። ክፍያው ትንሽ ቢሆንም ግቢ። ከደንበኞች የሚመጣውን የተበላሸ ፋይል ስታስተካክዪ የምትማሪውን ኮርስ ላይ አታገኚውም። የሠራሽውንም ከታተመው ናሙና ጋር አስቀምጪ። ቀጣሪ ስክሪን ላይ ካለ ምስል ይልቅ በእጁ የያዘውን ያምናል።

ስለ ሂሳቡ፦ ነጋዴውን አትጣዪው። ወረቀቱ ቡናማ መሆኑ ያስከተለውን አስረጂውና በጥቁር ብቻ የተሠራ አንድ ናሙና ከረጢት አሳዪው። ከወደደው ቀሪውን ለመክፈል ይለሳለሳል። ለወደፊቱ ግማሹን ቅድሚያ ተቀበዪ። ሙሉው ከመታተሙ በፊት ደግሞ በራሱ በከረጢቱ ላይ አንድ ናሙና አሳትሚ፣ ከሱቁ አምፖል ሥር ሳይሆን ደጅ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት፣ ከዚያ ላዩ ላይ አስፈርሚው።