ስለ ሪሞት ሄሊኮፕተር ጠይቃችሁኛል

በሪሞት ስለሚበሩ ሄሊኮፕተሮች ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ለዛሬ እነዚህን መርጫለሁ።

ለ11 ዓመት ልጄ ሄሊኮፕተር ቃል ገብቼለታለሁ። የትኛውን ልግዛለት? (እናት፣ ከሐዋሳ)

ሁለት ክንፎች ተደርበው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩበትን ትንሹን ይግዙለት። አንዱ ክንፍ አካሉን ሊያሽከረክረው ሲል ሌላው ስለሚመልሰው በጀማሪ እጅም ረግቶ ይቆማል። ሳሎን ውስጥ ነው የሚበረው፤ ደጅ ከወጣ ትንሽ ነፋስም ይወስደዋል። ሻጩ ተገልብጦ የሚበረውን ትልቁን ካሳየዎት አመስግነው ይውጡ፤ እሱ የልጅ ዕቃ አይደለም።

ዱባይ በደንብ ይበር የነበረው ሄሊኮፕተሬ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ መነሳት ይከብደዋል። ባትሪው ሞቶ ይሆን?

ባትሪው ከደሙ ንጹሕ ሳይሆን አይቀርም። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሯ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ የሚገፋው አየር ሲያንስ የሚሸከመው ክብደትም በዚያው ልክ ያንሳል።

መፍትሔው የክንፉን ዙር መጨመር ነው። የዙሩ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የማንሳት ኃይሉ አራት እጥፍ ስለሚሆን 12 በመቶ ያህል መጨመር ይበቃል፦ በደቂቃ 2,000 የነበረው ወደ 2,240 ከፍ ይላል ማለት ነው። ከሪሞቱ ማስተካከል ካልተቻለ ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ጊር በአንድ ጥርስ በምትበልጥ ይቀይሩ። አምራቹ ከፈቀደው የዙር ጣሪያ ግን አይለፉ። የጭራው ክንፍም እንደ ላይኛው ስለሚደክም በድንገት ሲያስነሱት አፍንጫው ሊዞርብዎት ይችላል። የሳሳ አየር ሞተርንም በደንብ አያቀዘቅዝም፤ በረራውን አሳጥረው ሲያርፍ ሙቀቱን ይዩ። እንጦጦ ላይ ላብርር ካሉማ ችግሩ ይብሳል።

ከውጭ ለማምጣት ለምታስቡ፦ ድሮን ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቃል። ጉምሩክ ላይ ቆሞ «የኔ ሄሊኮፕተር ነው እንጂ ድሮን አይደለም» ብሎ ከመከራከር ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር ሁልጊዜ ይከሰከስብኛል።

አንተ ብቻ አይደለህም። አፍንጫው ወዳንተ ሲዞር ግራና ቀኝ ይገለባበጣሉ። ወደየትኛው ጎን እንዳዘነበለ እይና የሪሞቱን ዘንግ ወደዚያው፣ ወደ ዘቀጠው ጎን ግፋው፤ ይቃናል። እጅህ ሳያስብ እስኪለምደው ድረስ ሲሙሌተር ላይ (ኮምፒውተር ላይ በረራን በሚያስመስል ፕሮግራም) ተለማመድ። እዚያ ሺህ ጊዜ ቢከሰከስ መለዋወጫ አትገዛም።

አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ሰፈሬ ካለው ፓርክ ማብረር እችላለሁ?

አይችሉም። ከዋሽንግተኑ ሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ግን ደንቡን ጠብቆ ማብረር ይቻላል። ከ250 ግራም በላይ ለሚመዝን በ5 ዶላር ለ3 ዓመት ይመዘገባሉ፤ ነፃውን የደህንነት ፈተናም ይወስዳሉ።

ባለቤቴ «ይህ ነገር ሰው ይገድላል» ብላ ትልቁን እንዳልገዛ ከለከለችኝ። አጋነነች አይደል?

አላጋነነችም። 1.6 ሜትር የሚሰፋ ክንፍ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ አንድ ወጣት የገዛ ሄሊኮፕተሩ መትቶት ሞቷል፤ ጀማሪም አልነበረም። ትልቁ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ ክንፉ ፈጽሞ እስኪቆም ድረስም አይጠጉትም። እንዲህ ያለ ሜዳ ከሌለዎት እሷ ያለችውን ይስሙ።

የሄሊኮፕተሬ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ትንሽ አብጧል። እስኪያልቅ ልጠቀምበት?

በፍጹም። ቻርጅም አያድርጉት፤ እሳት ሊነሳ ይችላል። አዲስ ሲገዙ ደግሞ ሞልተውት ለሳምንታት አያስቀምጡት፤ ባትሪው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት ላይ ሆኖ ያስቀምጡት።