ዛፍ የሚታይበት ፕሮግራም ሁሉ የተሰረዘበት ዓመት

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ የድሮ ፕሮግራሞችን ብቻ በሚያሳይ ጣቢያ «ግሪን ኤከርስ» እና «ዘ ቤቨርሊ ሂልቢሊስ» የተባሉትን ተከታታይ ኮሜዲዎች እመለከታለሁ። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አሜሪካዊ አዛውንት፣ ሲቢኤስ የተባለው፣ ፕሮግራሞችን በመላ አገሪቱ ላሉ ጣቢያዎች የሚያሰራጨው የቴሌቪዥን ኔትወርክ እነዚህን ሁለቱን የገጠር ሰዎችን ሕይወት ከሚያሳዩ ሌሎች ፕሮግራሞች ጋር በአንድ ዓመት ውስጥ እንዳቋረጣቸው፣ ያቋረጣቸውም ተመልካች አጥተው እንዳልሆነ አጫወቱኝ። ትርፍ የሚፈልግ ኔትወርክ ሰው የሚያየውን ፕሮግራም ለምን ይሰርዛል?

መልስ፦ ባልደረባዎ የነገሩዎት በዋናው ነገር ትክክል ነው። ዓመቱ 1971 ነበር፤ በዚህ መልስ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት ሲቢኤስ እርስዎ ከጠቀሷቸው ሁለቱ ጋር «ሜይቤሪ አር ኤፍ ዲ» የተባለውን የትንሽ ከተማ ኮሜዲ፣ «ሂ ሃው» የተባለውን የገጠር ሙዚቃና የቀልድ ዝግጅት፣ ከ1954 ጀምሮ ይታይ የነበረውን የውሻዋን የ«ላሲ»ን ታሪክም ከመርሐ ግብሩ አወጣ። የ«ግሪን ኤከርስ» ተዋናይ የነበረው ፓት በትራም፣ ሲቢኤስ ዛፍ የሚታይበትን ፕሮግራም ሁሉ ላሲን ጨምሮ ሰረዘ ብሎ መናገሩ እስከ ዛሬ ይነሳል። አንድ ማረሚያ ግን ላክል። «ዘ ቤቨርሊ ሂልቢሊስ» በ1962 ተጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የቴሌቪዥን ዓመታት (የቴሌቪዥን ዓመት የሚጀምረው በመኸር ነው) ከአገሪቱ ፕሮግራሞች ሁሉ አንደኛ የነበረ ቢሆንም፣ በመጨረሻው ዓመት ደረጃው ብዙ ወርዶ ነበር። «ሜይቤሪ»ና «ሂ ሃው» ግን የተሰረዙት ብዙ ተመልካች ካላቸው 20 ፕሮግራሞች መካከል እያሉ ነው።

ነገሩ ግልጽ የሚሆነው ኔትወርኩ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ሲታይ ነው። ተመልካቹ ለሲቢኤስ አንድ ሳንቲም አይከፍልም ነበር፤ ከፋዩ ማስታወቂያ አስነጋሪው ነበር፣ የሚገዛውም ተመልካቹን ነበር። ለብዙ ዓመታት ዋጋው የሚተመነው ፕሮግራሙን በከፈቱት ቤቶች ብዛት ነበር፤ በዚህ መለኪያ ደግሞ ከ1928 ጀምሮ ሲቢኤስን ይመሩ የነበሩት ዊልያም ፔሊ ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የሚስተካከላቸው አልነበረም። በ1960ዎቹ ግን ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ሌላ ጥያቄ ማንሳት ጀመሩ፦ የሚያየው ሰው ዕድሜው ስንት ነው? የሚኖረው የት ነው? ምን ያህል ይገዛል? በተመልካች ብዛት ሦስተኛ የነበረው ተፎካካሪው ኔትወርክ ኤቢሲም ከ18 እስከ 49 ዓመት ያሉ ተመልካቾቼ ይበልጥ ይጠቅሟችኋል እያለ ያግባባቸው ነበር። የሲቢኤስ የገጠር ኮሜዲዎች ተመልካቾች ደግሞ በዕድሜ የገፉና በትናንሽ ከተሞች የሚኖሩ ይበዙባቸዋል። ኔትወርኩ ራሱ የያዛቸው አምስት ጣቢያዎች ግን በኒው ዮርክ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በቺካጎ፣ በፊላዴልፊያና በሴንት ሉዊስ ነበሩ። በ1969 የኔትወርኩ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሮበርት ዉድ ከእነዚሁ የከተማ ጣቢያዎች አስተዳደር የመጡ ሰው ስለነበሩ፣ በከተማ ተመልካች በኩል ያለውን ጉድለት ከማንም በላይ ያውቁታል። ፔሊን አሳምነው ለውጡን ሲጀምሩ፣ የፕሮግራም ኃላፊው ፍሬድ ሲልቨርማን ሥራውን ከዳር አደረሱት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ሁለት ምክንያቶችም አሉ። ከጥር 2 ቀን 1971 ጀምሮ የሲጋራ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን በሕግ ስለታገደ ኔትወርኮቹ ከፍተኛ ገቢ አጡ። በዚያው ዓመት መኸር ደግሞ፣ በ50ዎቹ ታላላቅ የቴሌቪዥን ገበያዎች ኔትወርኮች በምሽቱ ዋና ሰዓት ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳይዙ የሚያዝ የመንግሥት ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ ሲቢኤስ ቢወድም ባይወድም ከመርሐ ግብሩ የሚያወጣው ነገር መፈለግ ነበረበት፤ ምርጫው ለምን በገጠሩ ላይ እንደወደቀ የሚያስረዳው ግን ቀደም ሲል ያነሳሁት የማስታወቂያ ሒሳብ ነው።

ለውጡን በዓይን ማየት ለሚፈልግ ሰው ማክሰኞ ጥር 12 ቀን 1971 የነበረውን የሲቢኤስ ምሽት እጠቁመዋለሁ። በቅድሚያ «ዘ ቤቨርሊ ሂልቢሊስ»፣ ቀጥሎ «ግሪን ኤከርስ»፣ ከዚያ «ሂ ሃው» ባንጆ ከተባለው የክር ሙዚቃ መሣሪያ ጋር ቀረበ፤ ልክ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ኖርማን ሊር ያዘጋጀው ይህ ኮሜዲ፣ በኒው ዮርክ ኩዊንስ የሚኖረው ወዛደር አርቺ በንከር ስለ ዘር፣ ስለ ጦርነትና ስለ ሃይማኖት ከአማቹ ጋር ሲጨቃጨቅ የሚያሳይ ሲሆን፣ ኤቢሲ ሁለት ጊዜ የሙከራ ክፍል አሠርቶ አልፈልግም ያለው ሥራ ነበር። ሲቢኤስ ከመጀመሪያው ክፍል በፊት ማስጠንቀቂያ አነበበ፤ የቁጣ ጥሪ ይጎርፋል ብሎም ተጨማሪ ስልክ ተቀባዮችን አስቀመጠ። የደወለው ሰው ግን እንደተፈራው ብዙ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፕሮግራሙን ያየው ሰው ጥቂት ነበር፤ በአሜሪካ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሲደገም ግን ወሬው ተዛመተ፣ ከቀጣዩ መኸር ጀምሮም አምስት የቴሌቪዥን ዓመታት በተከታታይ አንደኛ ሆነ። በማክሰኞው መርሐ ግብር ከፊቱ የተሰለፉት ሦስቱ ፕሮግራሞች ግን በዚያ መኸር አልተመለሱም።

በእኔ እምነት «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ»፣ «ዘ ሜሪ ታይለር ሙር ሾው» እና በ1972 የተጀመረው «ማሽ» የአሜሪካ ቴሌቪዥን ካፈራቸው ምርጥ ሥራዎች መካከል ናቸው፤ ለእነርሱ ቦታ መለቀቁም ተገቢ ነበር። ሆኖም አሮጊቷ የቴኔሲ ገበሬ አንድ ተመልካች ሆና መቆጠሯ ቀርቶ የምትገዛው ዕቃ ሲመዘን በደል ደርሶባታል ብዬ አምናለሁ። «ሂ ሃው»ን የሠሩት ሰዎችም ተመልካቻቸውን ስለሚያውቁ ዝግጅታቸውን ለየአካባቢው ጣቢያዎች በቀጥታ ሸጡት። ያ የመንግሥት ደንብ ከኔትወርኮች ላይ የቀማውን የአመሻሽ ሰዓት የሚሞሉበት ፕሮግራም ያጡ ጣቢያዎች በደስታ ተቀበሏቸውና፣ «ሂ ሃው» እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ዘለቀ።

ለእርስዎ ቅርብ የሆነውን በመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ሲቢኤስ ገጠሩን ካጸዳ በዓመቱ፣ በመስከረም 1972 «ዘ ዎልተንስ» የተባለ ድራማ ጀመረ። ታሪኩ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በብሉ ሪጅ ተራሮች ሥር፣ በእርስዎው በቨርጂኒያ የሚኖር ባለ ብዙ ልጆች ቤተሰብ ነው። ዛፍም እንጨት መሰንጠቂያም ሞልቶታል፤ በቀጣዩ ዓመት የምርጥ ድራማ የኤሚ ሽልማት አግኝቶ እስከ 1981 ታየ። የሚከታተሉት ጣቢያ ካሳየው ከመጀመሪያው ክፍል ቢጀምሩት ይሻላል።