ከጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ጥገና በኋላ ሥራ መቼ ልግባ? ጥያቄና መልስ

ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ለውፍረት ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸውን ሰዎች እከታተላለሁ። ከአገሬ ልጆች አብዝቶ የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለ ሥራ ስለሆነ ዛሬ የጠየቃችሁኝን ሁሉ እንደ ችሎታዬ እመልሳለሁ። ሐኪማችሁ የተለየ ነገር ካዘዛችሁ የእሱን ያዙ፤ ሆዳችሁን ያየው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ስሊቭ (ጨጓራን ቆርጦ ማሳነስ) ልደረግ ነው። ሥራዬ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ማለት ብቻ ነው። ሐሙስ ተደርጌ ሰኞ ብገባስ?

ሰኞ አይሆንም። የቢሮ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ያስፈልገዋል። በሳምንት የሚመለስ አለ፣ ሦስት ሳምንት የሚፈልግም አለ። ሰውን የሚያታልለው የውጩ ቁስል ነው። ትንንሽ ቀዳዳዎች ስለሆኑ ቶሎ ይደርቃሉ፤ ውስጥ ግን ከጨጓራሽ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ወጥቷል፣ የቀረውም ከላይ እስከ ታች በስቴፕል ተያይዟል።

እኔ የምመለከተው የምትጠጪውን ነው። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ ሳያቅለሸልሽ እየገባልሽ ነው? ካልሆነ ሥራው ይቆይ። ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተመልሶ ኢመርጀንሲ የሚገባው በውሃ እጥረት ነው። ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፉት ስትዪ ትውያለሽ፤ ስብሰባ ላይ ግን ሦስት ሰዓት ሳትጠጪ ያልፋል፣ ያለፈሽን ደግሞ እንደ ድሮው በአንድ ብርጭቆ ማካካስ አትችዪም።

ጥያቄ፦ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ነኝ፣ ሁለት ቦታ እሠራለሁ። የቤት ኪራይ አለብኝ፣ አገር ቤትም እልካለሁ። በሁለት ሳምንት ካልገባሁ አልችልም። ሰው ማንሳት ሲኖር ጓደኞቼ ያግዙኛል።

እህቴ፣ ችግርሽ ይገባኛል፤ ግን በዚህ ሥራ ሁለት ሳምንት አልፈርምልሽም። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከ10 ወይም ከ15 ፓውንድ በላይ አታንሺ የሚባለው፣ መሣሪያ የገባባቸው ቀዳዳዎች ሥር ያለው የሆድ ግድግዳ ገና ስላልጠነከረ ነው። እዚያ ላይ ጫና ከበዛ፣ አንጀት በቀዳዳው ሊወጣ ይችላል፤ ሄርኒያ የሚባለው ነው፣ የሚጠገነውም በሌላ ቀዶ ጥገና ነው። ታማሚን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስታዛውሪ "ለሁለት" ብትሉም፣ ሰውዬው ጉልበቱ ከዳው ማለት ክብደቱ በሙሉ ባንቺ ላይ ነው። ያኔ እጅሽን አትሰበስቢም፣ ማንም አይሰበስብም።

የሚሻለው ከቀዶ ጥገናው በፊት ቀላል ሥራ መጠየቅ ነው። ሐኪሙ በወረቀት ላይ ስንት ፓውንድ ድረስ ማንሳት እንደምትችዪና እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍልሽ። ምግብ ማብላት፣ መዝገብ መሙላት፣ ከታማሚ ጋር ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ካለ ቀድመሽ ስትጠይቂ ይገኛል። በሁለተኛው ሥራሽም ይህንኑ ወረቀት ስጪ፤ አንዱ ቦታ እያሳረፉሽ ሌላው ቦታ ብታነሺ ምን ዋጋ አለው?

ስለ ገንዘቡ፦ ፋሚሊ ሊቭ የሚባለው የፌዴራል ሕግ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ሥራሽን ይጠብቅልሻል፣ ደመወዝ ግን አይከፍልም። ለማግኘትም እዚያው 12 ወር መሥራት፣ ባለፈው ዓመት ውስጥ 1,250 ሰዓት መሙላት፣ ድርጅቱም ቢያንስ 50 ሠራተኛ ሊኖረው ያስፈልጋል። ዲሲ ከተማ ውስጥ ለግል ድርጅት የምትሠሩ ከከተማው የሚከፈል የሕመም ፈቃድ ስላለ ጠይቁ። የአጭር ጊዜ ዲስአቢሊቲ ኢንሹራንስ (ታመሽ መሥራት ሲያቅትሽ ከደመወዝሽ የተወሰነውን የሚከፍል) የሚጠቅመው አስቀድመሽ ከገባሽበት ነው። ቀን ገና ካልተቆረጠልሽ እሱን አጣሪና ቀኑን ለገንዘቡ በሚመች ጊዜ አስቆርጪ። ድንገተኛ ቀዶ ጥገና ስላልሆነ ሁለት ወር ቢዘገይ የሚጎዳሽ ካለ ሐኪምሽ ይነግርሻል።

ጥያቄ፦ ለአለቃዬ ምን ተደረግኩ ልበል? ሐበሾች የሚበዙበት ቦታ ነው የምሠራው፣ ወሬው ያስፈራኛል።

"የሆድ ቀዶ ጥገና" ይበቃል። የሕክምና ወረቀቱ ለኤች አር (ለሰው ኃይል ክፍሉ) ይሰጣል፤ በፋሚሊ ሊቭ ሕግ የቅርብ አለቃሽ ራሱ ሐኪምሽ ጋ ደውሎ መጠየቅ አይፈቀድለትም።

ወሬውን በተመለከተ ፍርሃትሽ መሠረት አለው። እኛ ዘንድ ሰው ሲከሳ "ምን አገኛት? ታማ ነው?" ይባላል፤ ቀዶ ጥገና መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ "በአቋራጭ ነው" ይመጣል። ይህ ቀዶ ጥገና አቋራጭ አይደለም። ስኳርና የደም ግፊት ያለባቸው፣ ሲተኙ ትንፋሽ የሚቆራረጥባቸው ሰዎች ለጤናቸው ብለው የሚገቡበት ሕክምና ነው፣ ቪታሚኑም ዕድሜ ልክ ነው። ለማንም ማስረዳት ዕዳ የለብሽም። "ሐኪም እየተከታተለኝ ነው፣ ደህና ነኝ" ብለሽ ጨዋታ ቀይሪ። ግን ከምታምኚያቸው ለአንዷ የሥራ ባልደረባሽ ንገሪ። ድንገት ብትወድቂ ለአምቡላንሱ ምን እንደተደረግሽ የሚናገር ሰው ይኑር።

ጥያቄ፦ ስልሳ ልሞላ ነው፣ ኡበር እነዳለሁ፣ ስኳር ስላለብኝ ኢንሱሊን እወጋለሁ። አለቃ የለኝም፣ ያልነዳሁበት ቀን ገቢ የለም። መቼ መሪ ልያዝ?

ጋሼ፣ ከሁሉም ጥያቄ የእርስዎ ያሳስበኛል። መጀመሪያ፣ ኦክሲኮዶንን የመሰለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ እየወሰዱ አይነዱም። ካቆሙ በኋላም መኪናው በቆመበት ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይልዎ ይርገጡት፤ ሆድዎን ከያዘዎ ጊዜው ገና አልደረሰም።

ሁለተኛውና ዋናው ስኳሩ ነው። ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ የስኳር መጠን ገና ክብደት ሳይቀንስ በቀናት ውስጥ ይወርዳል፤ የሚበሉትም ጥቂት ነው። የድሮውን የኢንሱሊን መጠን ከወጉ ስኳርዎ መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ግሊበንክላሚድና ግሊሜፒራይድ የሚባሉትን የስኳር ኪኒኖች የሚወስዱም ይህ ይመለከታቸዋል። ከሆስፒታል ሳይወጡ አዲሱን መጠን በጽሑፍ ይቀበሉ፣ ከመንዳትዎ በፊት ይለኩ፣ ስኳር ሲወድቅ ምን እንደሚወስዱም አብረው ይጠይቁ። የግፊት መድኃኒትም እንዲሁ ሊቀነስ ይችላል።

ደግሞ ለስድስት ሳምንት ያህል የኤርፖርት ጉዞ ይለፍዎ፤ ሻንጣ ለማንሳት ይሉኝታ ይይዝዎታል። በየሰዓቱ ወርደው ይራመዱ፣ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ውስጥ ደም ያረጋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ የግል ድርጅት ተቀጣሪ። ውጭ አገር ሄጄ ልደረግ ነው። ሕጉ ምን ይሰጠኛል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። የሕክምና ማስረጃ ስለሚጠየቅ ሳትሄድ አዲስ አበባ የሚከታተልህ ሐኪም ያዝ፤ የውጭውን ወረቀት አይቶ ማስረጃ የሚጽፍልህም፣ ችግር ቢመጣ የሚያይህም እሱ ነው። አውሮፕላን ላይ ከሐኪሙ ፈቃድ ሳታገኝ አትውጣ። የመውጫ ሪፖርትህን ሳትይዝም አትመለስ።

ጥያቄ፦ አሽዶድ ነኝ፣ ጽዳት እሠራለሁ። የሕመም ቀን ይከፈላል?

ያጠራቀምሽው ካለ አዎ። በእስራኤል ሕግ የመጀመሪያው ቀን አይከፈልም፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በግማሽ፣ ከአራተኛው ጀምሮ ሙሉ ነው። ባልዲና የረጠበ ምንጣፍ ግን እንደ ሲኤንኤዋ ሥራ ቁጠሪው።

ጥያቄ፦ ምሳ ምን ልያዝ? እንጀራስ መቼ ነው?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ነው፦ ፕሮቲን ሼክ፣ የተጠለለ ሾርባ፣ ስኳር ያልገባበት ቀጭን አጥሚት። ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ቀጠን ያለች ሽሮ ወይም ተፈጭቶ የላመ ምስር በማንኪያ። ፕሮቲን በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ይፈለጋል፣ በሽሮ ብቻ አይደርስም። እንጀራና ዳቦ ውስጥ ገብተው ስለሚያብጡና ስለሚጣበቁ ከወራት በኋላ በትንሹ ይሞከራሉ።

ሥራ ቦታ የመድኃኒት መለኪያ የሚያህል 30 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ያዢ። ስልክሽን በየ15 ደቂቃው አስጩሂና አንዷን ኩባያ በዝግታ ጨርሺ። ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ ከበላሽም በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆዪ። የግማሽ ሰዓት ምሳ ዕረፍት ለዚህ ስለማይበቃ በሁለት ይከፈልልኝ ብለሽ ጠይቂ። የተደረግሽው ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘው ቀዶ ጥገና) ከሆነ በስኳር የተሞላ ሻይና የልደት ኬክ ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ ሆድ ያስቀምጣል።

ጥያቄ፦ ሁዳዴ እየገባ ነው። ልጹም?

በመጀመሪያዎቹ ወራት አይሆንም፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ለታመመ ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት። ለረመዳንም የጠየቃችሁኝ አላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ለአዲስ ጨጓራ አደገኛ ነው፣ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ ሥራ ላይ እያለሁ ምን ካየሁ ልሩጥ?

ቁጭ ብለሽ ልብሽ በደቂቃ ከ120 በላይ ከመታ፣ ትኩሳት ከ38.3 ካለፈ፣ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም እየባሰ ከሄደ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ አንዱ ባትሽ ካበጠ፣ ፈሳሽ አልቆይ ካለሽ፣ ሺፍቱ እስኪያልቅ አትጠብቂ። ኢመርጀንሲ ስትደርሺ የመጀመሪያው ቃልሽ "በዚህ ቀን የጨጓራ ቀዶ ጥገና ተደርጌያለሁ" ይሁን። ለቀናት ካስመለሰሽና እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ ከታየሽ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ነርቭ ስለሚጎዳ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ለራስ ምታት ከጓደኛ ቦርሳ አይቡፕሮፌን አትቀበዪ፣ ታይሌኖል (ፓራሲታሞል) ይሻላል።

ጥያቄ፦ በሳምንት ተመልሼ ነበር፣ አሁን ከሰዓት በኋላ እግሬ አልቆም ይለኛል። አንዴ "ደህና ነኝ" ብዬ ገብቼ እንደገና ፈቃድ መጠየቅ ያሳፍራል?

አያሳፍርም። በዚህ ጊዜ ሰውነትሽ የሚያገኘው ምግብ በጣም ጥቂት ስለሆነ ድካሙ እውነተኛ ነው። ፋሚሊ ሊቭ በአንድ ጊዜ ተጠቅልሎ መወሰድ የለበትም፤ ሐኪምሽ ያስፈልጋታል ብሎ ከጻፈ በግማሽ ቀን ወይም በሳምንት ሁለት ቀን ከፋፍለሽ መውሰድ ትችያለሽ። ነገ ጠዋት ሐኪምሽ ቢሮ ደውለሽ ከሰዓት በኋላ ያለውን ድካም በሰዓቱ ንገሪያቸው፣ ደምሽ ይታይ፣ "የተቆራረጠ ፈቃድ" የሚለው ክፍል ተሞልቶ በቀጥታ ለኤች አር እንዲላክልሽ ጠይቂ።