የሞቀው ፈረስ ውሃ ይጠጣ ወይስ አይጠጣ?

ወንድሜ፣ «አዳማ ላይ በሚያዝያ ሙቀት ጋልቤ ስመለስ ፈረሴ በላብ ይዘፈቃል፤ ውሃ ልስጠው ወይስ እስኪበርድለት ልጠብቅ?» ላልከው፣ ስጠው። «የሞቀ ፈረስ ውሃ ከጠጣ ቁርጠት ይይዘዋል» ሲባል እኔም ከጋሪ ነጂዎች እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ልክ አይደለም። ፈረስ በላቡ ብዙ ውሃና ጨው ያጣል። ጋጣው ውስጥ የሚልሰው አሞሌ ጨው ብታስቀምጥለትም ጥሩ ነው።

ዋናው ግን ማቀዝቀዙ ነው። ጥላ ስር አቁመው። ኮርቻውን አውርድ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ መላ ሰውነቱ ላይ ደጋግመህ አፍስስ፤ አንድ ባልዲ ብቻ አይበቃውም። እርጥብ ጨርቅ ጀርባው ላይ ጣል አድርገህ ግን አትሂድ፣ ሙቀቱን ያፍነዋል።

የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። የሚለካው በፊንጢጣ ስለሆነ ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ ቁም፣ እርግጫው አይጣል ነው! ከ40 ካለፈ፣ ከተንገዳገደ ወይም እንደጋለ ላቡ ቀጥ ካለ፣ ውሃውን ሳታቋርጥ የእንስሳት ሐኪም ጥራ።

እኔማ በበጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ኮርቻ አልጭንም።