መልስ፦ ተርባይናችን ይዞራል፣ መብራቱ ግን አይበራም

መምህር፣ ለሳይንስ ቀን የሠራችሁት የነፋስ ተርባይን ሞዴል በቬንትሌተር ፊት እየዞረ ኤልኢዲው (ትንሿ መብራት) እምቢ ያለው ብዙውን ጊዜ ክንፉ ሲያዞረው ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ሞተር ምክንያት ነው። ከመጫወቻ መኪና የወጣ የ3 ቮልት ሞተር ያን ቮልት እንዲሰጥ በደቂቃ በሺዎች መዞር አለበት፤ የእናንተ ክንፍ የሚያዞረው ግን በመቶዎች ነው። ከተጣለ ፕሪንተር የ12 ወይም የ24 ቮልት ዲሲ (የቀጥታ ጅረት) ሞተር ይፈልጉ፣ በዝግታም ቢዞር የተሻለ ቮልት ያወጣል። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይበቃዋል፣ ነጩ ወደ 3 ይፈልጋል፤ በቀዩ ይጀምሩ። አሁንም ካልበራ ሁለቱን ሽቦዎች ያቀያይሩ፣ ኤልኢዲ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ክንፉ 45 ዲግሪ ከተጣመመ ለመነሳት ይቀለዋል፣ ፍጥነት ግን አያገኝም። ከሚዞርበት ጠለል ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ያድርጉት። ሦስቱም ክንፎች እኩል ይመዝኑ፤ አለዚያ ምሰሶው ይንቀጠቀጣል፣ ሙጫውም ይለቃል። አደራ፣ ልጆቹ ከጎን አይቁሙ! የተነቀለ ክንፍ የሚወረወረው ወደ ጎን ነው።

በዕለቱ ቬንትሌተሩን በፍጥነት 1፣ በ2፣ በ3 እያስነሱ ልጆቹ የመልቲሜትሩን (የቮልት መለኪያውን) ንባብ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ከዚያ የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚሸከመው ኃይል 8 እጥፍ እንደሚሆን ይንገሯቸው። አዳማ ስለሆናችሁ ከኮረብታው ላይ የሚያዩትን ያስቆጥሯቸው፦ አዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይኖች አሉት፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት። ድምሩን፣ 51 ሜጋዋትን፣ እነሱ ያውጡት።