ድካሙ ከጨረሩ ነው ወይስ ከሥራው?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ በፔት ስካን (ጨረር አመንጪ መድኃኒት ተወግቶ የሰውነት ውስጥ ምስል የሚነሳበት ምርመራ) ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ይህን መድኃኒት በቀን እስከ 12 ሕመምተኞች እወጋለሁ። ምሳ ሳልበላ የምውልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ማታ ወገቤና እጄ ይዝላሉ፤ እንቅልፍም አይበቃኝም። ጨረሩ ይሆን የሚያደክመኝ? ቤት ስገባስ ልጄን ወዲያው ማቀፍ እችላለሁ?

መልስ፦ የጨረር መለኪያዎ ንባብ ከሕጉ ወሰን ካላለፈ ድካሙ ከጨረሩ አይደለም። ጨረር ድካምና ማቅለሽለሽ የሚያመጣው መላ ሰውነት በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ሲያርፍበት ነው። በአሜሪካ ለሠራተኛ የተፈቀደው በዓመት 50 ሚሊሲቨርት ነው፤ ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ደግሞ የአምስት ዓመቱ አማካይ በዓመት ከ20 እንዳይበልጥ ይመክራል።

እርስዎን የሚያደክምዎት ሰዓቱ ነው። በመድኃኒቱ ውስጥ ያለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ ፍሎሪን 18፣ በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። አንድ ሕመምተኛ 30 ደቂቃ ከዘገየ፣ ከተለካለት መድኃኒት 17 በመቶ ገደማው ጠፍቷል፤ ከኋላው ያሉትም ሁሉ ይገፋሉ። ያንን ክፍተት የሚሸፍነው የነርሶች የምሳ ሰዓት ነው፤ ይህ ደግሞ ልክ አይደለም።

ብዙውን ጊዜ ወረፋውን የሚያዘገዩት ስኳርና ደም ሥር ናቸው። የሕመምተኛው የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ ብዙ ክፍሎች ቀጠሮውን ያዛውራሉ። ስለዚህ በዋዜማው ተደውሎ ከምርመራው በፊት ለ4 እስከ 6 ሰዓታት ያህል መጾሙና የስኳር መድኃኒቱ አወሳሰድ ይረጋገጥ፤ ስልኩን የሚደውለው ግን የቀጠሮ ክፍሉ እንጂ እርስዎ አይሁኑ። ካኑላውን (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) መድኃኒቱ ከእርሳስ ዕቃው ሳይወጣ ያስገቡና በ10 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይፈትሹት። እብጠት ወይም ሕመም ካለ ሌላ ደም ሥር ይፈልጉ። የደከመ እጅ ደም ሥር ይስታል፤ መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ደግሞ ምስሉ ይበላሻል፣ ምርመራው ሊደገምም ይችላል። ድካም ጨረሩንም የሚያበዛብዎት በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ወገብዎ፦ 0.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ሽርጥ በሌሎች የኑክሌር ሕክምና ምርመራዎች ለሚውለው ለቴክኒሺየም 99ኤም ይጠቅማል፤ የፍሎሪንን ጨረር ግን እምብዛም አያስቀርም። ፔት ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ መልበሱ ትርፉ ሸክም ብቻ ነው፤ የክፍሉን የጨረር ደኅንነት ኃላፊ አማክረው ይተዉት። የሚጠብቅዎት ርቀት ነው፦ እጥፍ ሲርቁ ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ የመጸዳጃ ቤቱን፣ ከተወጋ በኋላ የሚያርፈውን አንድ ሰዓት፣ የመውጫውን መንገድ፣ ሁሉንም ለሕመምተኛው ከመውጋትዎ በፊት ያስረዱ። ሲሪንጁን የሚሸፍነው ከባድ የተንግስተን ብረት መከለያ እጅ ስለሚያዝል፣ ሲሪንጁን በማራዘሚያ ቱቦ አገናኝተው መከለያውን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉት። የቀለበት መለኪያውን ከጓንቱ ሥር፣ በአመልካች ጣት ግርጌ፣ ፊቱን ወደ መዳፍ አዙረው ያድርጉት።

ጠዋት የወጋ ከሰዓት በኋላ ካኑላ ላይ ይሁን። ሁለተኛ ሰው ከሌለ፣ ለሁለት ሳምንት መድኃኒቱ የደረሰበትን፣ የተወጋበትን ሰዓትና ያመለጠ ዕረፍትን መዝግበው ከመለኪያ ውጤትዎ ጋር ለኃላፊዎ ያቅርቡ። «ደክሞኛል» ከሚለው ቃል ይልቅ ይህ ሰንጠረዥ ተጨማሪ ሠራተኛ ለመጠየቅ ይረዳል።

ልጅዎን ይቀፉ። ከሕመምተኛው የሚወጣው ጨረር እርስዎን ጨረር አመንጪ አያደርግዎትም። የሚያሰጋው በእጅ ወይም በጫማ ተለጥፎ የሚወጣ ጠብታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሳይወጡ በመፈተሻ መሣሪያው ይለኩ። ከተገኘብዎት በለብታ ውኃና በሳሙና ቀስ ብለው ይታጠቡና ደግመው ይለኩ። ቆዳው እንዳይላጭ አጥብቀው አይፈትጉት።