የሆረር ፊልም አቅራቢ መሆን ለምትፈልገው የነርሲንግ ተማሪ

«ግራ የገባኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ» ብለሽ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ወረፋ የያዙትን አቆይቼ ለአንቺ መጻፍ ጀመርኩ። ስንት ጎበዝ ልጆች የተሳሳተ በር ሲያንኳኩ እያየሁ የምንገበገብበትን ጉዳይ ነው ያነሳሽብኝ።

ለአንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጸሐፊዋ የ20 ዓመት ወጣት፣ የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ናት። እናቷ በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን ይንከባከባሉ፤ አባቷ ታክሲ ይነዳሉ። እሷ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ፊቷን ነጭ ተቀብታ፣ ጥቁር ነጠላ ተከናንባ፣ ማንም ነዋሪ ፕሮግራም ሊያቀርብበት በሚችለው የካውንቲው ቻናል ላይ የቅጂ መብት የሌለባቸውን የድሮ ሆረር ፊልሞች ታቀርባለች። በየእረፍቱ ብቅ እያለች አያቷ የነገሯትን የጭራቅና የጅብ ተረት በእንግሊዝኛ ታወራለች። «ነርሲንጉን አቋርጬ ሎስ አንጀለስ ልሂድና ይህን የሙሉ ጊዜ እንጀራዬ ላድርገው ወይ?» ነው ጥያቄዋ። እናቷ ነገሩን «ከሰይጣን ጋር መጫወት» እንደሚሉት፣ የአነጋገር ቅላጼዋ እንደሚያሳስባት፣ አንድ አነስተኛ የኢንተርኔት ጣቢያም የውል ወረቀት እንደሰጣት ጨምራ ጽፋለች።

የላክሽልኝን ቪዲዮ አይቼዋለሁ። መብራቱ ደካማ ነው፤ የማይኩ ሽቦ ከነጠላው ስር ይታያል። ግን ከፊልሙ ስትመለሺ ወዲያው ወሬ አልጀመርሽም። ሻማውን ቀስ ብለሽ ወደ ፊትሽ አስጠጋሽ፣ ካሜራውን ዝም ብለሽ አየሽው፣ ከዚያ «አያቴ ይህን ፊልም ብታይ ጭራቁ ላይ ትስቅበት ነበር» አልሽ። መቼ ዝም ማለት እንዳለባቸው የሚያውቁ አቅራቢዎች ብዙ አይደሉም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ስታነቢ ችሎታሽን የተጠራጠርኩ እንዳይመስልሽ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የሆረር ፊልም አቅራቢነት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ራሱን ችሎ እንጀራ የሆነው በጣት ለሚቆጠሩ ሰዎች ነው። ከቀሩት አብዛኞቹ ጣቢያው ውስጥ በሌላ ሥራ ተቀጥረው ደመወዝ እየበሉ፣ በሳምንት አንድ ሌሊት ካባ የሚደርቡ ሰዎች ነበሩ። አመጣጡን ብታይ ይገባሻል። እ.ኤ.አ. በ1957 ስክሪን ጄምስ የተባለው ድርጅት 52 የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ የድሮ ፊልሞችን «ሾክ!» በሚል ጥቅል ለየከተማው ጣቢያዎች አቀረበ። ጣቢያዎቹ በርካሽ ፊልም አገኙ። ነገር ግን ከማታው ዜና በኋላ ያለው ሰዓት ተመልካች የሚያንቀላፋበት ስለሆነ፣ በማስታወቂያው መሃል ብቅ ብሎ ሰውን የሚያነቃ ፊት ያስፈልጋቸው ነበር። ለዚያ ብሎ አዲስ ተዋናይ የሚቀጥር በጀት የለም። እና ማን ተጠራ? አስቀድሞ ደመወዝ የሚከፈለው አስተዋዋቂ፣ የአየር ሁኔታ አቅራቢ፣ አንዳንዴም የጣቢያው ቴክኒሻን።

እዚሁ ከአንቺ ሰፈር ልጥቀስልሽ። በዋሽንግተን ቻናል 20 ላይ «ካውንት ጎር ደ ቮል» የተባለውን ቫምፓየር ከ1973 ጀምሮ የተጫወተው ዲክ ዳይዝል ነው። ይኸው ሰው በዚያው ጣቢያ አስተዋዋቂ ነበር፤ ለልጆች ደግሞ ቦዞ የተባለው ክላውንና «ካፕቴን 20»ም እሱ ነበር። ቀን ልጆችን አስቆ፣ ማታ የሬሳ ሣጥን አጠገብ ይቆማል። በ1987 ጣቢያው ባለቤት ሲቀይር የካውንት ጎር ፕሮግራምም በዚያው ዓመት አበቃ። በ1998 ግን ሰውየው ፕሮግራሙን በየሳምንቱ በኢንተርኔት ማውጣት ጀመረ፤ ዩቲዩብ ሊፈጠር ገና ሰባት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። ከስቱዲዮ ሲወጣ ሥራውን እጁ ላይ ይዞ ነው የወጣው፤ መጻፍ፣ መቅረጽ፣ ማቀናበር ያውቃል።

ፒትስበርግ ብትሄጂም ያው ነው። ቢል ካርዲል «ቺለር ቲያትር»ን ከ1963 ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል በቻናል 11 አቀረበ። የከተማው ሰው «ቺሊ ቢሊ» እያለ ነበር የሚጠራው። አስተዋዋቂውም፣ የአየር ሁኔታ አቅራቢውም፣ የሬስሊንግ ፕሮግራሙ መሪም እሱ ነበር።

ሎስ አንጀለስን ስላነሳሽ የክሊቭላንዱን ኧርኒ አንደርሰንን ስሚ። ከ1963 እስከ 1966 «ጉላርዲ» በሚል ስም በቻናል 8 ከተማውን አናወጠው። ከዚያ አንቺ እንዳሰብሽው ሎስ አንጀለስ ገባ። እዚያ ያበላው ግን ድምፁ ነው፤ ለብዙ ዓመታት የኤቢሲ ኔትወርክን ማስታወቂያዎች ሲያነብ ኖረ። የጉላርዲ ዊግና የውሸት ጢም ክሊቭላንድ ቀረ። እሱ የተወውን ሰዓት ማን ወሰደው መሰለሽ? ቦብ ዌልስ የተባለ የአየር ሁኔታ አቅራቢና ቸክ ሾዶውስኪ የተባለ የጣቢያው መሐንዲስ። ሾዶውስኪ ከካሜራ ጀርባ ድምፅና የፊልም ቁርጥራጭ ሲያቀናብር የነበረ ሰው ነው። ካሜራ ፊት ከወጣ በኋላ እስከ 2007 ድረስ አልወረደም። ከ1979 ጀምሮ አብሮት ያቀርብ የነበረው ጆን ሪናልዲ ደግሞ የጌጣጌጥ ነጋዴ ነበር።

ሾዶውስኪን በአድናቆት የማነሳው በከንቱ አይደለም። እኔም ቴሌቪዥን ቤት የገባሁት በዚያው በር ነው። የተማሪዎች አማካሪ ከመሆኔ በፊት የሌሊት ፈረቃ ማስተር ኮንትሮል፣ ማለትም ሥርጭቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ውስጥ ነበር የምሠራው። የማስታወቂያውን ካሴት ማሽን ውስጥ እከታለሁ፣ የወጣበትን ሰዓት እስከ ሰከንዱ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ፣ ፊልሙ ለእረፍት ሲቋረጥ ስክሪኑ እንዳይጠቁር ዓይኔን ተክዬ እጠብቃለሁ። ለጥቂት ሰከንድ ከጠቆረ ስልኩ ይጮኻል። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁት ነገር አለ፦ አንድ አቅራቢ ሲታመም ወይም ሲለቅ ፕሮዲዩሰሩ መጀመሪያ የሚያየው በዚያ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ ያለውን፣ ስሙን የሚያውቀውን፣ በሰዓቱ የሚመጣውን ሰው ነው። ውጭ ሆኖ ቪዲዮ የሚልክ ሰው ተራው ይርቃል።

«ስቬንጉሊስ?» ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ በዚህ ስም ሆረር ፊልም የሚያቀርበው ሪች ኮዝ ዛሬም ቅዳሜ ማታ በሚ ቲቪ ጣቢያ ላይ አለ፤ ፕሮግራሙ ከ2011 ጀምሮ መላ አገሪቱ የሚያየው ሆኗል። ግን እሱም የጀመረው በቺካጎ የመጀመሪያው ስቬንጉሊ ለነበረው ለጄሪ ቢሾፕ ቀልድ እየጻፈ በፖስታ በመላክ ነው። ያኔ ተማሪ ነበር። ቢሾፕ ጽሑፉን ወዶ አስጠጋው፤ የራሱን ወንበር ያገኘው በ1979 ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ ጣቢያዎች የራሳቸውን የሌሊት ሰዓት ራሳቸው በሚሞሉበት ዘመን ነው። ያ ዘመን አልፏል። በ1975 ኤንቢሲ በቅዳሜ ሌሊቱ ላይ ከኒው ዮርክ የሚተላለፍ የቀጥታ የኮሜዲ ፕሮግራም አስገባ፤ የየከተማው አቅራቢዎች ወደ ሌሊቱ መጨረሻ ተገፉ። በ1984 የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን ጣቢያዎች በሰዓት ውስጥ የሚያወጡትን የማስታወቂያ መጠን የሚገድበውን መመሪያ አነሳ። ከዚያ በኋላ ጣቢያው ለፊልም ከፍሎ ካባ የለበሰ ሰው ከሚያስቀምጥ፣ ሰዓቱን ለምጣድና ለስፖርት ዕቃ ሻጭ አከራይቶ ገንዘብ መቀበል ይሻለው ጀመር። አንቺ የምትመኚውን ወንበር ያጠፋው ይህ ሂሳብ ነው እንጂ ሰው ሆረር መውደድ ስላቆመ አይደለም።

ስለዚህ የኔ ምክር ይህ ነው። ትምህርት አታቋርጪ፤ የትምህርት ክፍል ቀይሪ። የሁለት ዓመት የብሮድካስት ወይም የቪዲዮ ፕሮዳክሽን ፕሮግራም ግቢ። የወሰድሻቸው የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብና የሳይኮሎጂ ኮርሶች ሊያዙልሽ ስለሚችሉ ሬጅስትራር ቢሮ ሄደሽ የትኞቹ እንደሚቆጠሩ በጽሑፍ ጠይቂ። እኔ የሠራሁበት ማስተር ኮንትሮል ዛሬ በብዙ ቦታ በኮምፒዩተር ነው የሚመራው፤ የበርካታ ከተማ ጣቢያዎችም ከአንድ ማዕከል ይሠራጫሉ። ስለዚህ በእሱ ብቻ አትተማመኚ፤ ኤዲቲንግ፣ ድምፅና የቀጥታ ሥርጭት ቴክኒክ ደርቢበት። የምትኖሪበት አካባቢ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የትልልቆቹ ኔትወርኮች የዋሽንግተን ቢሮዎች፣ የምክር ቤቱን ስብሰባ የሚያስተላልፈው ሲ-ስፓን፣ አርሊንግተን ያለው የሕዝብ ቴሌቪዥን ፒቢኤስ፣ ከዚያም ስማቸውን ሰምተሽ የማታውቂያቸው የራሳቸው ስቱዲዮ ያላቸው ማኅበራት አሉ። በሌሊትና በሳምንት መጨረሻ ፈረቃ ጀምሪ፤ ሌላው የሚሸሸው ሰዓት ለጀማሪ ይሰጣል። የቅዳሜ ፕሮግራምሽን ደግሞ አንድም ሳምንት አታቋርጪ።

አንዳንድ ሰው «ነርስ ሆና በሳምንት ሦስት ቀን 12 ሰዓት እየሠራች በቀሪው ቀን ፊልሟን ታቅርብ» ይልሻል። ደመወዙን ካየነው የማይናቅ ሐሳብ ነው። አንቺ ግን በደብዳቤሽ ሆስፒታል ልምምድ ላይ ሆነሽ ሰዓት እንደምትቆጥሪ ነግረሽኛል። ሰዓት የምትቆጥር ነርስ አጠገቧ ያለው በሽተኛ ያውቃታል። ይህን ሥራ ለሚወዱት ተዪላቸው።

እዚህ ላይ ወላጆችሽን በድፍረት ልናገራቸው። እናትሽ «ሌሊት ሌሊት የደከምኩት ለዚህ ነው?» ብለውሻል። ድካማቸው እውነት ነው፤ ወገባቸው ይመሰክራል። ነገር ግን የወላጅ ድካም የልጅን ሙያ የመምረጥ መብት ይሰጣል የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። በማኅበረሰባችን ይህ ሐሳብ ስንቱን ልጅ በማይወደው ክፍል ውስጥ እንዳስቀመጠ በየሴሚስተሩ ቢሮዬ ውስጥ አየዋለሁ፤ ዕዳ ተሸክመው፣ ዲግሪ ሳይዙ፣ ቤት ሳይናገሩ ትምህርት የሚያቆሙት እነዚህ ናቸው። አንቺም ብትሆኚ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ሕልምሽ ጽፈሽ ኪራይ ማን እንደሚከፍል አንድ መስመር አልጻፍሽም። የአባትሽ ታክሲ ለትምህርትሽ ይነዳል፤ ለሎስ አንጀለስ ሙከራ ግን እንዲነዳ መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም። ወላጆችሽ ፊት ስትቀርቢ በአንድ ወረቀት ላይ የአዲሱን ትምህርት ክፍያ፣ የምትይዢውን የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ ቤት የምታዋጪውን ጻፊ። በሕልም የማይስማሙ ወላጆች በቁጥር ይስማማሉ፤ ባይስማሙም የሚከራከሩበት ነገር ያገኛሉ።

ስለ ሰይጣኑ፦ የጭራቁን ተረት ለአንቺ የነገሩሽ የእናትሽ እናት መሆናቸውን አስታውሺያቸው፤ አንድ ቅዳሜም ስቱዲዮ ይዘሻቸው ሂጂ። ስለ ቅላጼሽ፦ አሜሪካዊ ድራኩላን ሲያስብ ጆሮው ላይ የሚመጣለት ድራኩላን በፊልም የተጫወተው የሃንጋሪው ስደተኛ የቤላ ሉጎሲ አነጋገር ነውና አትንኪው።

ውሉን አትፈርሚ። የገጸ ባሕርይሽን ስም፣ አለባበስና ድምፅ «የጣቢያው ንብረት» የሚያደርገው አንቀጽ እስካልወጣ ድረስ የፈለገውን ያህል ቢከፍሉሽ እንቢ በይ። አንቺ የምታደንቂያት፣ ኤልቫይራ በሚል ስም ሆረር ፊልም ያቀረበችው ካሳንድራ ፒተርሰን፣ በ1981 ሎስ አንጀለስ ስትጀምር በሳምንት 350 ዶላር ገደማ ነበር የሚከፈላት። የገጸ ባሕርይዋ መብት ግን በእጇ ቀረ፤ ሀብት የሆነላትም እሱ ነው። ከሷ በፊት በ1954 በዚያው ከተማ ቫምፓይራ የተባለችውን የሆረር አቅራቢ ገጸ ባሕርይ የፈጠረችው ማይላ ኑርሚም መብቷን ለጣቢያው አልሰጠችም። ፕሮግራሟ በዓመቱ ሲቆም ሌላ ጣቢያ ሞከረች፣ አልዘለቀም፤ በኋላ በሰው ቤት ወለል ላይ ሊኖሊየም እያነጠፈች የኖረችበት ጊዜ ነበር። መብት በእጅ መኖሩ ግድ ነው፤ ከጎኑ ግን ሌላ ሙያ እንዲኖርሽ የምወተውትሽ ለዚህ ነው።

የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ሳይዘጋ ሬጅስትራሩን አነጋግሪ። የውሉን ኮፒ ግን ዛሬውኑ ላኪልኝ፤ በዚህ ሳምንት መልስ ስጪ ብለውሻል፣ የትኛውን አንቀጽ እንደምታሰርዢ አብረን እናየዋለን።